በበረዶው ወቅት ወደ ናርቪክ፦ የብረት ማዕድን ወደብ የሆነችውን የኖርዌይ ፍዮርድ ከተማ እንዴት መጎብኘት ይቻላል?

ናርቪክ ከአርክቲክ ክበብ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ርቃ የምትገኝ፣ ወደ 14 ሺህ የሚጠጋ ነዋሪ ያላት የኖርዌይ የወደብ ከተማ ናት። ፍዮርድ የሚባለው በጥንት ዘመን የበረዶ ግግር የቦረቦረው፣ በገደላማ ተራሮች መካከል ወደ የብስ የዘለቀ ጥልቅ የባሕር ወሽመጥ ሲሆን፣ ናርቪክም ኦፎትፍዮርድ በተባለው ወሽመጥ ዳር፣ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ተራራ ግርጌ ተሠርታለች። ይህ መመሪያ በስዊድን፣ በኖርዌይና በሌሎች የአውሮፓ አገሮች ለሚኖሩ፣ እንዲሁም ከአዲስ አበባ ለሚነሡ አንባቢዎች የተዘጋጀ ነው። ዋናው ምክር ወደ ከተማዋ በባቡር መግባት፣ ከመዝናኛው በፊትም የወደቧንና የሐዲዷን ሥራ ማየት ነው። ባቡሩ እስከዚያ ድረስ የሚሄደው፣ ከተማዋም እዚያ ተራራ ሥር የተቆረቆረችው በማዕድኑ ምክንያት ስለሆነ፣ ይህን ሳያውቅ የሄደ እንግዳ የተራራውንና የባሕሩን ውበት ቢያደንቅም ከፊቱ የሚንቀሳቀሰው ነገር ምን እንደሆነ ሳይገባው ይመለሳል።

ከመሄድ በፊት ስለ ከተማዋ ማወቅ የሚገባው

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በሰሜን ስዊድን፣ በኪሩናና በየሊቫሬ አካባቢ፣ እጅግ ከፍተኛ የብረት ማዕድን ክምችት ይገኛል። ይህን ማዕድን በስዊድን በኩል ወደሚገኘው የሉሌዎ ወደብ ማውረድ ቢቻልም፣ የቦትኒያ ባሕረ ሰላጤ በብርዱ ወራት በረዶ ሆኖ ስለሚረጋ መርከቦች ለረጅም ጊዜ መንቀሳቀስ ያቅታቸው ነበር። በምዕራብ በኩል ያለው የኖርዌይ ባሕር ግን ከአትላንቲክ የሚመጣው ሞቃት የውሃ ፍሰት ስለሚደርሰው፣ ናርቪክ ከሉሌዎ ይበልጥ በሰሜን ብትሆንም ወደቧ ዓመቱን ሙሉ አይረጋም። ሐዲዱን በመጀመሪያ የጀመረው የእንግሊዝ ኩባንያ በ1889 ከስሮ ሥራውን አቋረጠ። ኤል.ኬ.ኤ.ቢ. የተባለው የስዊድን የማዕድን ኩባንያ በ1890 ከተቋቋመ በኋላ ግንባታው እንደገና ቀጥሎ በ1902 ሐዲዱ ባሕሩ ዳር ደረሰ፤ በዚያን ጊዜ ስዊድንንና ኖርዌይን በአንድነት ይገዙ የነበሩት ንጉሥ ኦስካር ሁለተኛ ደግሞ በሐምሌ (ጁላይ) 1903 መንገዱን መርቀው ከፈቱት። ሁለቱ አገሮች በ1905 ቢለያዩም ማዕድኑ ድንበር እየተሻገረ መውረዱን አላቋረጠም።

ድሬዳዋን የሚያውቅ አንባቢ የናርቪክን አመሠራረት ለመረዳት አይቸገርም። የጅቡቲው ሐዲድ ድሬዳዋ በደረሰበት በዚያው በ1902 ናርቪክ የከተማነት መብት አገኘች፤ አንዱ አገር ሸቀጡን በሌላው አገር ወደብ የሚያወጣበት መንገድ ሁለቱንም ከተሞች ወልዷቸዋል። ልዩነቱ የናርቪክ ሐዲድ ዛሬም በዚያው ሥራው ላይ መሆኑ ነው። አንድ የማዕድን ባቡር 68 ፉርጎዎች ይጎትታል፤ ርዝመቱ 750 ሜትር ያህል ሲሆን 6,800 ቶን ማዕድን ይጭናል። ከድንበሩ ወደ ባሕሩ ሲወርድ የሎኮሞቲቩ ሞተር ፍሬን እየሆነ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ይህም ኃይል ወደ ሽቦው ተመልሶ ባዶ ፉርጎዎችን ይዘው ሽቅብ ለሚወጡ ባቡሮች ይውላል። ከተማዋ ውስጥ ሲሆኑ ቆም ብለው አንዱን ባቡር ከመጀመሪያው ፉርጎ እስከ መጨረሻው ሲያልፍ ይመልከቱ፤ ለዚህ ምንም ክፍያ አይጠየቅም፤ በእኔ ግምት ግን ከብዙ የተከፈለባቸው ጉብኝቶች የሚበልጥ ትዕይንት ነው።

ጊዜ አመራረጥ

ከኖቬምበር መጨረሻ አንሥቶ እስከ ጃንዋሪ አጋማሽ ድረስ ፀሐይ ከአድማስ በላይ አትወጣም። ይህ ማለት ቀኑ ሙሉ በሙሉ ጨለማ ነው ማለት አይደለም፤ በእኩለ ቀን አካባቢ ለጥቂት ሰዓታት እንደ ማለዳ ያለ ሰማያዊ ብርሃን ይኖራል፤ ተራራውና በረዶውም በዚያ ብርሃን ልዩ መልክ ይይዛሉ። የእኛ ገና የሚውለው በዚህ ወቅት ውስጥ ሲሆን፣ ጥምቀት ሲደርስ ፀሐይዋ መመለስ ጀምራለች። ይሁን እንጂ የፍዮርድ አካባቢ ተራራማ በመሆኑ፣ ፀሐይ ከአድማስ በላይ ብትወጣም ጨረሯ ከተማው መሐል የሚደርሰው ዘግይቶ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው የምመክረው ማርችን ነው። በማርች ቀኑ ረጅም ነው፤ በተራራው ላይ ያለው በረዶ ጥልቅ ነው፤ ሌሊቱም የሰሜን ብርሃንን፣ ማለትም በሰሜኑ የሌሊት ሰማይ ላይ የሚታየውን ባለ ቀለም ብርሃን፣ ለማየት በቂ ጨለማ አለው። በዚሁ ወር ቪንተርፌስቱካ የሚባለው የከተማዋ ዓመታዊ በዓል ይከበራል። ነዋሪዎቹ ሐዲዱን የዘረጉትን የቀን ሠራተኞች ለማስታወስ የዚያን ዘመን ልብስ ለብሰው ይወጣሉ፤ በየዓመቱም አንዲት ሴት ትመረጥና ለሠራተኞቹ ምግብ ታበስል እንደነበር በሚነገርላት ጥቁር ፀጉር በነበራት ወጣት ስም “ስቫርታ ብዮርን” ተብላ ትጠራለች። በዓሉን ማየት የሚፈልግ መንገደኛ ማረፊያውን ከወራት በፊት ይያዝ፤ ከተማዋ ትንሽ ስለሆነች አልጋ በፍጥነት ያልቃል። የፀሐይ አለመውጣትን ራሱን ለማየት የሚጓጓ ሰው ደግሞ ዲሴምበርን ይምረጥ፤ ነገር ግን በዚያ ወር ከባቡሩ መስኮት የሚታየው ጥቂት መሆኑን አስቀድሞ ይወቀው።

የባቡሩ ጉዞ

የናርቪክ ጣቢያ ከሌላው የኖርዌይ የባቡር መረብ ጋር አልተገናኘም። ከኦስሎ በኖርዌይ ምድር ብቻ በባቡር ለመምጣት የሚሞክር መንገደኛ ቦዶ ላይ ሐዲዱ ያልቅበትና የቀረውን ለረጅም ሰዓታት በአውቶቡስ፣ በመሐልም በጀልባ ይጓዛል። ትክክለኛው የባቡር መንገድ ከስቶክሆልም የሚነሣው የሌሊት ባቡር ነው። ባቡሩ በአመሻሹ ተነሥቶ፣ ሌሊቱን የስዊድንን ደን አቋርጦ፣ በማለዳው ቦደንን፣ ቀጥሎም የአርክቲክ ክበብን አልፎ ኪሩና ይደርሳል፤ ከኪሩና እስከ ናርቪክ ደግሞ ሦስት ሰዓት ያህል ይቀራል። ጉዞው በጠቅላላው ወደ 20 ሰዓት ስለሚጠጋ፣ ከመቀመጫ ይልቅ የመኝታ ቦታ መያዝ ለሰውነት ይበጃል፤ ዋጋው ቀደም ብሎ ሲገዛ በብዙ ይቀንሳል። ጋቢ ያለው ሰው ይያዘው፤ በመኝታ ክፍሉ ውስጥ እጅግ ይጠቅመዋል።

ከኪሩና በኋላ በጉዞው አቅጣጫ በስተ ቀኝ በኩል ይቀመጡ፤ ይህ በመላው መንገድ ላይ ከሚሰጡት ምክሮች ሁሉ ትልቁ ነው። መጀመሪያ 70 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው የቶርኔትሬስክ ሐይቅ፣ በረዶ ለብሶና ረግቶ፣ በዚያ በኩል ይታያል። አቢስኮ አካባቢ ሲደርሱ ለጥቂት ደቂቃ ወደ ግራ ዞር ይበሉ፤ ላፖርተን የሚባለው፣ በሁለት ተራሮች መካከል እንደ በር የተከፈተው ሸለቆ እዚያ ነው። ሪክስግሬንሰን ላይ ስዊድን ያበቃል፤ ከድንበሩ እስከ ናርቪክ ያለው 43 ኪሎ ሜትር ብቻ ሲሆን፣ በዚህ አጭር ርቀት ውስጥ ባቡሩ ከ500 ሜትር በላይ ከፍታ ተነሥቶ እስከ ባሕሩ ይወርዳል። ብዮርንፍዬልንና ካተራትን ካለፈ በኋላ ዋሻ ከዋሻ እየተከተለ፣ የሮምባክ ፍዮርድ በድንገት ከገደሉ ሥር፣ በቀኝ በኩል ብቅ ይላል። ውሃው ጥቁር፣ ዳርቻው ነጭ ነው፤ ሐዲዱም ገደሉን ፈልፍሎ የተሠራ ስለሆነ ሠራተኞቹ ያንን መንገድ ያለ ዘመናዊ መሣሪያ እንዴት እንዳወጡት እያሰቡ ይወርዳሉ።

የጉዞ ሰነድን በተመለከተ፣ ኖርዌይ የአውሮፓ ኅብረት አባል ባትሆንም የሼንገን ስምምነት አካል ናት፤ ስለዚህ በስዊድን ወይም በሌላ የሼንገን አገር የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ፓስፖርቱንና የፈቃድ ካርዱን ይዞ መግባት ይችላል። ፍተሻ ሊኖር ስለሚችል ሁለቱንም በእጅ ሻንጣ ውስጥ ማድረግ ያስፈልጋል። የጥገኝነት ጥያቄው ገና ውሳኔ ያላገኘ ሰው ግን የአመልካችነት ካርዱ የጉዞ ሰነድ ስላልሆነ፣ ይህን ድንበር ከመሻገር እንዲታቀብ አጥብቄ አሳስባለሁ። ከኢትዮጵያ የሚመጣ መንገደኛ የሼንገን ቪዛ የሚጠይቀው ብዙውን ሌሊት ለሚያሳልፍበት አገር ነው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ስቶክሆልምም ወደ ኦስሎም ስለሚበር ሁለቱም መነሻዎች ይመቻሉ።

ይህ ሐዲድ ከባድ ጭነት የሚሸከምና ለአስቸጋሪ አየር የተጋለጠ መሆኑ አይዘንጋ። በዲሴምበር 2023 አንድ የማዕድን ባቡር በስዊድን በኩል ከሐዲዱ ወጥቶ መስመሩ ለሁለት ወር ያህል ተዘግቶ ነበር፤ እንደገና በተከፈተ በጥቂት ቀናት ውስጥም፣ በፌብሩዋሪ 2024፣ ሌላ ባቡር ሐዲዱን ለቀቀ። በመሆኑም ከመነሣትዎ በፊት መስመሩ መከፈቱን ያረጋግጡ፤ ከናርቪክ በተመለሱበት ዕለት የሚነሣ አውሮፕላንም አይያዙ፤ ቢያንስ አንድ ቀን በመሐል ይተዉ። በአውሮፕላን መሄድ ግድ የሆነበት ሰው ኢቬኔስ በሚገኘው አውሮፕላን ማረፊያ ወርዶ በአውቶቡስ ከአንድ ሰዓት በላይ በሚሆን ጊዜ ከተማው ይገባል፤ በመንገዱም በዲሴምበር 2018 የተከፈተውንና 1,533 ሜትር ርዝመት ያለውን የሆሎጋላንድ ተንጠልጣይ ድልድይ ይሻገራል።

አለባበስ

በናርቪክ ባሕሩ አየሩን ስለሚያለዝበው፣ በብርዱ ወራት እንኳ ሙቀቱ ብዙውን ጊዜ ከዜሮ በታች በጥቂት ዲግሪ ነው። ኪሩና ግን ከባሕር የራቀች ስለሆነች ከዜሮ በታች 25 እና ከዚያም በላይ ሊወርድ ይችላል፤ ባቡሩ እዚያ ሲቆም ፎቶግራፍ ለማንሣት በቀላል ልብስ መውረድ ተገቢ አይደለም። ከሥጋ ጋር የሚገናኘው ልብስ ሱፍ ይሁን። ጥጥ ላብ ከጠጣ በኋላ ሙቀት አይዝም፤ ስለዚህ የጥጥ ካናቴራና የጥጥ ካልሲ ተራራ ላይ አደገኛ ናቸው። በሱፉ ላይ ሁለተኛ ወፍራም ሹራብ፣ ከላይ ደግሞ ነፋስና እርጥበት የማያስገባ ጃኬት ይደረባል። ከብርዱ ይልቅ እንግዳን የሚጎዳው የመንገዱ መንሸራተት ነው፤ የበረዶው ገጽ በቀን ቀልጦ በማታ ሲረጋ ቁልቁለት የሆኑት የከተማዋ መንገዶች እንደ መስታወት ያንሸራትታሉ። በጫማ ሥር የሚታሰር ጥርስ ያለው ማያዣ በስፖርት ዕቃ መደብሮች ይሸጣል፤ እንደ ደረሱ ይግዙት፤ በተለይ ወላጆቻቸውን ይዘው የሚሄዱ ሰዎች ይህን ቸል ሊሉት አይገባም።

ተራራው

ናርቪክፍየለት የሚባለው የስኪ ተራራ ከከተማዋ መሐል በእግር ይደረስበታል፤ በገመድ ላይ ተንጠልጥሎ የሚወጣው ጎንዶላ በ2019 ተከፍቶ እስከ 656 ሜትር ከፍታ ይወስዳል። ስኪ የማይነዳ ሰውም ለብቻው ትኬት ገዝቶ መውጣትና ላይ ካለው ምግብ ቤት ሆኖ ፍዮርዱን፣ ከተማዋንና የማዕድኑን መጫኛ በአንድ ጊዜ ማየት ይችላል። የወደቡ ግቢ ለአላፊ አግዳሚ ክፍት ስላልሆነ፣ መርከቦቹ ማዕድን ሲጭኑ በደንብ የሚታዩት ከዚህ ነው። ሰማዩ ጥርት ባለበት ሰዓት መውጣት ይሻላል፤ ደመና ከባሕር ሲገባ ሁሉም ነገር በደቂቃዎች ውስጥ ይሸፈናል።

ስኪ ለመማር የሚፈልግ ጎልማሳ አያፍር፤ መሣሪያው ሁሉ በኪራይ ይገኛል፤ አስተማሪም መያዝ ይቻላል። ነገር ግን ይህ ተራራ በአጠቃላይ ቀጥ ያለ ነው፤ በጁን 2024 ዓለም አቀፉ የስኪ ፌዴሬሽን የ2029ን የአልፓይን ስኪ የዓለም ሻምፒዮና ለናርቪክ የሰጠውም በከንቱ አይደለም። ጀማሪ ሰው የመጀመሪያውን ቀን ከታች ባለው ቀላል ተዳፋት ይጨርስ፤ ወዳጆቹ ቢያደፋፍሩትም ወደ ላይኛው መስመር አይከተላቸው። ከተከለለው መስመር ውጭ መውጣት ደግሞ የበረዶ ናዳ አደጋ አለበት። የኖርዌይ መንግሥት ቫርሶም በተባለው አገልግሎቱ የናዳውን ስጋት ከ1 እስከ 5 ባለው ደረጃ ይገልጻል፤ ደረጃው 3 ሲሆን ራሱ ስጋቱ ከፍ ያለ ነው። የናዳ መፈለጊያ መሣሪያ፣ አካፋና መመርመሪያ ዘንግ የሌለው፣ አጠቃቀማቸውንም ያልተማረ ሰው ከመሪ ጋር ካልሆነ በቀር ከመስመሩ አይውጣ። አደጋ ቢደርስ የኖርዌይ አምቡላንስ ቁጥር 113፣ ፖሊስ 112፣ እሳት አደጋ 110 ነው።

የሰሜን ብርሃንን ለማየት ከከተማዋ መብራት ራቅ ማለት ያስፈልጋል። ሆኖም የባሕር ዳር ደመና ብዙ ጊዜ ስለሚያስቸግር፣ በዚህ ብርሃን ምክንያት ብቻ ለሚሄድ ሰው ከናርቪክ ይልቅ አቢስኮ ይሻለዋል። የኖርዌይ ተራሮች ከባሕር የሚመጣውን ደመና ስለሚያስቀሩት የአቢስኮ ሰማይ ብዙ ጊዜ ጥርት ያለ ነው። በመሄጃ ወይም በመመለሻ አንድ ሁለት ሌሊት እዚያ ማደር ጥሩ አሠራር ነው። አቢስኮ ሁለት ጣቢያዎች እንዳሉት ልብ ይበሉ፤ መንደሩና ሱቁ ያሉት በአቢስኮ ኡስትራ ሲሆን፣ ቱሪስት ማረፊያውና ብሔራዊ ፓርኩ በአቢስኮ ቱሪስትስታሽን በኩል ናቸው። በተሳሳተው ጣቢያ የወረደ ሰው ሻንጣውን በበረዶ ላይ እየጎተተ ይሄዳል።

የጦርነቱ ቦታ

ለጦርነቱ ሙዚየም ግማሽ ቀን ይስጡ። ጀርመን በኤፕሪል 9 ቀን 1940 ኖርዌይን ስትወር አሥር ዲስትሮየር የጦር መርከቦችን ወደ ናርቪክ የላከችው በዋነኛነት ስለ ብረቱ ነበር፤ የጦር ኢንዱስትሪዋ በስዊድን ማዕድን ላይ የተመሠረተ ስለነበር። በዚያው ጠዋት ኤድስቮልድና ኖርጌ የተባሉት የኖርዌይ መርከቦች ከአብዛኞቹ ሠራተኞቻቸው ጋር ሰጠሙ። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል በኤፕሪል 10 እና 13 ባደረጋቸው ሁለት ውጊያዎች አሥሩም የጀርመን ዲስትሮየሮች ጠፉ። በሜይ 28 የኖርዌይ፣ የፈረንሳይና የፖላንድ ወታደሮች ከተማዋን መልሰው ያዙ፤ ይሁን እንጂ ፈረንሳይ ራሷ እየወደቀች ስለነበር የተባበሩት ኃይሎች በጁን መጀመሪያ ለቀው ሄዱ፤ ኖርዌይም ለአምስት ዓመታት በወረራ ሥር ቆየች። ከጀርመን ዲስትሮየሮች አንዷ የሆነችው ጌኦርግ ቴሌ እስከ ዛሬ በሮምባክ ፍዮርድ ጫፍ ዳርቻውን ነክሳ፣ ከፊል አካሏ ከውሃው በላይ ይታያል። ከከተማዋ ቅርብ በሆነችው በቤይስፍዮርድም በጁላይ 1942 በመቶዎች የሚቆጠሩ የዩጎዝላቪያ እስረኞች ተገድለዋል። በወረራ የተያዘችን አገር ታሪክ ከቤተሰቦቹ አፍ የሰማ ኢትዮጵያዊ ይህን ሙዚየም ቶሎ ቶሎ አልፎ አይወጣም ብዬ አምናለሁ።

ምግብ፣ ጾምና ወጪ

ኖርዌይ ውድ አገር ናት፤ ምግብ ቤት ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ያስወጣል። ወጥ ቤት ያለው ማረፊያ ተከራይቶ ከሱፐር ማርኬት ገዝቶ ማብሰል ወጪውን በእጅጉ ይቀንሳል። በርበሬና ሽሮ ይዘው ይሂዱ፤ ምስር፣ ሽንኩርትና ዘይት እዚያው ይገኛሉ። አብዛኞቹ ሱፐር ማርኬቶች እሑድ ስለሚዘጉ ቅዳሜ መግዛት ይለመድ፤ በምዕራባውያን ፋሲካ ሰሞንም ከጸሎተ ሐሙስ ጀምሮ ብዙ ሱቆች ይዘጋሉ። የቧንቧው ውሃ ንጹሕ ስለሆነ የታሸገ ውሃ መግዛት አያስፈልግም። ክፍያ በየቦታው በካርድ ስለሆነ ጥሬ ክሮነር ብዙም አይፈለግም።

ማርች ብዙውን ጊዜ ከዐቢይ ጾም ጋር ይገናኛል። በኖርዌይ “ሥጋ አልበላም” ያለ ሰው ዓሣ ይቀርብለታል፤ ስለዚህ የሚጾም ሰው ሥጋ፣ ዓሣ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል እንደማይበላ በግልጽ ዘርዝሮ ይናገር፤ “ቬጋን” የሚለው ቃል በየምግብ ቤቱ ይታወቃል። ለማይጾሙት ግን ወቅቱ የስክሬይ ነው፤ ከባረንትስ ባሕር ለመራባት ወደ ሎፎተን ደሴቶች የሚመጣው ይህ ትልቅ የኮድ ዓሣ ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል ይጠመዳል፤ ከጉበቱና ከዕንቁላሉ ጋር ተቀቅሎ ሲቀርብ በሰሜን ኖርዌይ የሚከበር ማዕድ ነው።

ለከተማዋ ሦስት ሌሊት በቂ ነው፤ አንዱን ቀን ለተራራው፣ አንዱን ለሙዚየሙና ለሐዲዱ፣ አንዱን ደግሞ አየሩ ቢበላሽ መተኪያ እንዲሆን ያድርጉት። ከዚያ በላይ ጊዜ ያለው ሰው አራት ሰዓት ገደማ በሚፈጅ ጉዞ ወደ ትሮምሶ፣ ወይም ወደ ሎፎተን ደሴቶች በአውቶቡስ መቀጠል ይችላል፤ በእሑድና በበዓል ቀናት የአውቶቡሱ ቁጥር ስለሚቀንስ ሰዓቱን በዋዜማው ይመልከቱ። በባቡር የሚመለስ ደግሞ በዚህ ጊዜ ፍዮርዱም ሐይቁም በግራ በኩል ስለሚሆኑ፣ ቦታውን በግራው መስኮት ይያዝ፤ ለመንገዱም ስንቅ ከናርቪክ ሱቆች ገዝቶ ይሳፈር፤ ምክንያቱም የባቡሩ ምግብ ቤት ሁልጊዜ ክፍት ላይሆን ይችላል።